ተኩስ ሲሰማ የሚጠፋው ኮምፒውተሬ

ዛሬ ከሰዓት ኮምፒውተሬን ማን እንደሚያጠፋው አየሁ።

ሰሞኑን ቀን ቀን፣ አምፖል ሳይበራ፣ ጌም ስጫወት ድንገት ድርግም ይልና ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይነሳል። ፓወር ሰፕላዩን ቀየርኩ፣ አቧራውን አራገፍኩ። "የአዳማ ሙቀት ነው" ያላለኝ ሰው የለም። (እዚህ ከተማ ትዳር ቢፈርስም ሙቀቱ ነው የሚባለው።)

የገረመኝ፣ የኳስ ጌም ላይ አይጠፋም። የሚጠፋው የጦርነት ጌም ላይ ነው፣ ያውም ተኩሱ ሲጀመር። በጆሮ ማዳመጫ ስጫወት ደግሞ ምንም አይሆንም!

ዛሬ የስፒከሩን ድምፅ ጨመርኩና ተኩሱን አስጀምሬ ቀስ ብዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

እማዬ ቆጣሪው ስር በባዶ እግሯ ቆማለች። ማጥፊያውን ወደ ታች ሳበችው። ቤቱ ጸጥ አለ። ትንሽ አዳመጠችና መልሳ አበራችው።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ተኩስ ሲሰማ መብራት ይጠፋላ" አለችኝ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል በሚል ድምፅ።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሟን ከዚሁ ቤት ወስደውታል። ውጭ ሲተኮስ የእኛ ቤት መብራት ብቻ በርቶ አይተው ነው የገቡት። አጎቴ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

"ጌም እኮ ነው እማዬ፤ ከኔ ኮምፒውተር የሚወጣ ድምፅ ነው" አልኳት።

ክንዴን ያዝ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "ሳጠፋው ግን ቆመ አይደል?"

እናንተ ቤትስ ከዚያ ዘመን ገና ያልወጣ ሰው አለ? ካለ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱለት ንገሩኝ። እውነትም ስታጠፋው ተኩሱ ይቆማል።