«መጣሁ» ብሎ የወጣ ሰው

ልጅ እያለሁ፣ ጅግጅጋ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ቲቸር አብዲ የሚባል ወጣት እንግሊዝኛ ያስተምረን ነበር። «ካም» እና «ጎ»ን ሊያስረዳን በሩን ከፍቶ ክፍሉ መሃል ቆመ። ሰው ወደ እሱ ሲራመድ «ካም»፣ ከእሱ ሲርቅ «ጎ» ነው አለን። የእርጥብ አፈር ሽታ በበሩ ይገባ ነበር።

ከቢሮ ጠመኔ እንዳመጣ ላከኝ። በሩ ጋ ስደርስ፣ እንደ ቤታችን ልማድ «መጣሁ» ማለቴ ነው፣ «አይ ካም!» ብዬ ወጣሁ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ነይ እስቲ» አለኝ። «ጀርባሽን ሰጥተሽኝ መጣሁ ትያለሽ?»

«እኛ ቤት ሄድኩ አይባልም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ መሄዳችሁ በምን ይታወቃል?»

አንዱ ከኋላ ሆኖ «ስትቀር ነዋ!» አለ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ልብስ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። እስኪያስለው ሳቀ። «ሄድኩ ብዬ ብነሣ እናትሽ ታስወጣኛለች?» አለኝ።

በዚያው ዓመት ክረምት አንድ ጧት ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «መጣሁ» አለን። ወደ እኔ ዞሮም «ካም!» ብሎ ጠቀሰኝ። እናቴ «በሰላም ግባ» አለችው።

ቶጎጫሌ ደርሷል፤ ዕቃ ሲገዛ ያዩት አሉ። ከዚያ ከተማችን ታወከች፣ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ሌሎቹ ነጋዴዎች ተመለሱ፤ እሱ የለም። እናቴና እኔ ልንፈልገው ሄድን። ልብስ የምትሸጥለት ሶማሌ ሴት እጃችንን ይዛ «ከእኔ ዘንድ በሰላም ወጥቷል፣ እህቴ። ወላሂ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» ብላ አለቀሰች።

እናቴ በቅዳሴ ስለ መንገደኞች ሲጸለይ የክርስትና ስሙን በለሆሳስ ትጠራ ነበር። ስለ ሙታን ሲጸለይ ግን ስሙ ከአፏ አይወጣም። እስከ ዕለተ ሞቷ እንዲሁ ነበረች።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ጤነኛ ናት፣ ከነፋስ የሚጋርደን ጣራም አላጣንም። ያኔ ደጅ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እናቴም እኔም እንነሣ ነበር። አሁን ማንም አይነሣም። ባለፈው እሑድ ካህኑ ስለ ሙታን ሲጸልዩ፣ ከእናቴ ስም ቀጥዬ የአባቴን ጠራሁ።