ሦስት ፎቶ፣ አንድ ፓስፖርት

ባዩሽን የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ ዱባይ አጠገብ ባለችው አጅማን፣ አል ራሺዲያ፣ ስድስት ሴቶች ተሰብስበን በተከራየነው ክፍል ውስጥ ከእሷ በላይ ባለው አልጋ ላይ ሦስት ዓመት ተኝቻለሁ። ቤድ ስፔስ ይሉታል፣ የአልጋ ቦታ ማለት ነው፤ ስፔሱ የት እንዳለ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ ባዩሽ በወታደርነቷ በረሃ ላይ የወሰደችውን ሥልጠና ያላወራችበት አንድ ቀን ቢኖር ጉንፋን ይዟት ድምጿ የተዘጋ ቀን ነው። ከድሬዳዋ ወዲያ ያለውን አሸዋ እኔው የተንከባለልኩበት ያህል አውቀዋለሁ።

ነሐሴ ላይ ኤሲው ተበላሽቶ፣ ሁላችንም እርጥብ ፎጣ ለብሰን ወለሉ ላይ ተዘርረን፣ እሷ አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ "አሁን ይሄ ሙቀት ይባላል?" ትለናለች። "እኛ እኮ በዚህ ላይ ሠላሳ ኪሎ ተሸክመን ነበር የምንሮጠው።"

"ሩጪያ እንግዲህ! ማን ያዘሽ?" እላታለሁ። እኔ እሌኒ የጨርቆስ ልጅ ነኝ፤ ምላሴን አላሳድርም።

ሦስት ፎቶዎች አሏት። በላስቲክ ጠቅልላ በብስኩት ጣሳ ውስጥ ነው የምታስቀምጣቸው። አንደኛው ላይ ክላሽ አንግታ አሸዋ ላይ ቆማለች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፎቶ አንሺውን ልትማርከው የመጣች ትመስላለች። ሁለተኛው ላይ ጸጉራቸውን የተላጩ አምስት ልጆች ተሰልፈዋል፤ ባዩሽን ከመሃላቸው ለማግኘት ጆሮ ጆሮ ማየት ነው። እኔ የምወደው ሦስተኛውን ነው። ከጭነት መኪና ሥር አፏን በሰፊው ከፍታ ተኝታለች። "ይሄ ደግሞ የምን ሥልጠና ነው?" ብላት፣ ዐይኗን ሳታሽ "አድፍጦ መጠበቅ" አለችኝ።

አንድ ቀን ሐጂራ፣ ከጎናችን ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው የወሎ ልጅ፣ "ዋላሂ እውነቱን ንገሪኝ፣ ስንት ጠላት ገደልሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ጉዱ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ለካ ባዩሽ ዐሥር ወር በረሃ ላይ ስትቀቀል ከርማ፣ ሥልጠናው ሲያልቅ የዱቄት መጋዘን ጠባቂ አድርገዋት፣ ዱቄቱን ስትጠብቅ ጦርነቱ አልቋል። "አንዲት ኩንታል አልጠፋችም!" አለች በኩራት። ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮማንዶ ዱቄት አልናት፤ እሷም ትሰድበንና ስንጠራት አቤት ትላለች።

እንዲህ እየተሳሳቅን ሳለ ቀን ቀን የምትሠራላት የሻርጃዋ ማዳም ጠቅልላ ወደ ሀገሯ ልትገባ ሆነና የባዩሽን ቪዛ ሰረዘችው። በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ሹግል፣ ሌላ ሥራ ካልተገኘ ባዩሽ መውጣት አለባት። ልጇ ሳራ ባሕር ዳር ነርስነት እየተማረች ነው፤ ልትመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል። እናት ባዶ እጇን ከገባች ትምህርቱም እዚያው ላይ ኸላስ፣ አለቀ ማለት ነው። ኮማንዷችን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። እውነት ለመናገር ዝምታዋ ከወሬዋ ይልቅ እንቅልፍ ነሳኝ።

እኔ የማጸዳው ሕንፃ ዱባይ ማሪና ነው። እዚያ የሴቶቹን መዋኛና ጂም የምትጠብቅ ሴት ጥበቃ ይፈለጋል የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሁለት ነገር ይላል፤ ዕድሜዋ ከአርባ በታች የሆነ፣ የውትድርና ልምድ ቢኖራት የሚመረጥ። ለባዩሽ ተብሎ የተጻፈ መሰለኝና ፎቶ አንስቼ ላኩላት። ከዚያ ፓስፖርቷ ትዝ አለኝ።

ባዩሽ ከሀገር ስትወጣ ደላላው "ማዳሞች አሮጊት አይፈልጉም" ብሎ ስምንት ዓመት ቀንሶላታል። ለዚህ ነው እትዬ ማለት የተከለከልነው፤ "እትዬ አትበሉኝ፣ ፓስፖርቴ ይሰማችኋል" ትላለች። እንግዲህ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። እውነተኛዋ ባዩሽ አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ልምዱ አላት፣ በዕድሜ ትወድቃለች። የፓስፖርቷ ባዩሽ ሠላሳ ሰባት ናት፤ በዕድሜ ታልፋለች፣ ግን በረሃ የዘመተችው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሆና ነው። ይሄ ከታወቀ ደግሞ ሥራው መቅረቱ ብቻ አይደለም፤ "ፓስፖርትሽ ውሸት ነው" ከተባለች ሙሽኪላው፣ ጣጣው ሌላ ነው።

"ስለ ውትድርና ትንፍሽ እንዳትይ" አልኳት። "ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ጠብቄያለሁ በይ፣ በቃ። ፎቶዎቹንም እዚሁ ተያቸው።"

"እሺ" አለች። ባዩሽ ቶሎ እሺ ስትል ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

በቀጠሮው ቀን ሸሚዟን እንደ ሰሌዳ ወጥራ ተኩሳ፣ ጫማዋን መስታወት እስኪመስል ወልውላ ተነሣች። የሻርጃ መንገድ እንደ ልማዱ ተዘግቶ ባሱ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። ሜትሮ ውስጥ ወንበር አግኝቼ "ተቀመጪ" ብላት "ሱሪዬ ይጨማደዳል" ብላ እስከ ማሪና ድረስ በተጠንቀቅ ቆመች። ሰዉ ዞር እያለ ያያታል። እኔ የማላውቃት መሰልኩ።

የጥበቃዎቹ አለቃ ሚስተር ታፓ የኔፓል ሰው ነው፤ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ አጭር፣ ጺሙ በመቀስ የተከረከመ። የእሱም ጫማ መስታወት ነው። የባዩሽ እንግሊዝኛ "የስ ሰር" ላይ ስለሚያልቅ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። ገና ሳንቀመጥ ከእግር እስከ ራሷ አያትና "ይህች ሴት ሶልጀር ነበረች እንዴ? አቋቋሟን ተመልከቺ" አለኝ።

"ኧረ ወገቧን አሟት ነው፣ ሰር" አልኩ።

ግን ሶልጀር የምትለዋን ቃል ባዩሽ ታውቃታለች። ፊቷ በራ። እጇ ወደ ደረቷ ገባ፤ እኔ "ኧረ በማርያም!" ሳልል ክላሽ ያነገተችበት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ወጣ።

ሚስተር ታፓ መነጽሩን አድርጎ ፎቶውን አየ። ገለበጠው። ከጀርባው "ለራሴ መታሰቢያ፤ ወታደር ባዩሽ፣ የካቲት 1991" ተብሎ ተጽፏል። አማርኛውን አያነበውም፣ ቁጥሩን ግን ያነበዋል። ፓስፖርቱን ከፈተ፤ የልደት ዘመን 1988። አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ ፓስፖርቱን፣ አንዴ እኔን አየ።

"የሦስት ዓመት ልጅ?" አለ።

"የኛ አቆጣጠር ከእናንተ ወደ ኋላ ነው፣ ሰር" ብዬ ስምንት ዓመት ጨመርኩላት። ዐሥራ አንድ ደረሰች። ከዚያ በላይ ማሳደግ አቃተኝ። የባዩሽ ቪዛ፣ የሳራ ትምህርት፣ ሁሉም በዚያ ሰውዬ ጣት ላይ ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "እናቷ ናት!" አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም።

ወደ ባዩሽ ዞርኩና ፈገግ እንዳልኩ በአማርኛ፣ "እናቴ ናት በይ፤ አለዚያ ገደል ገባሽ" አልኳት።

"እኔ እኮ ነኝ" አለች ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ። ሳራን አስቢ።"

ፎቶውን አየችው። እንደዚያ ቀን በራሴ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። "የስ ሰር" አለች በመጨረሻ። "ማማ።"

ሰውየው እንደ ፖሊስ ያፈጥብናል ስል ጭራሽ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋ። ለካ እሱም ወጣት ሳለ በሕንድ ጦር ውስጥ ተቀጥሮ ራጃስታን በረሃ ላይ ሠልጥኗል። ማሪና ውስጥ ይህን የሚያወራለት ሰው አጥቶ ኖሯል መሰለኝ፣ ጥያቄውን አወረደው። አሸዋው ጠመንጃው ውስጥ እንዳይገባ እናትሽ ምን ታደርግ ነበር?

ባዩሽ አፈሙዙን በካልሲ ማሰር ነው አለች። ለውሃ ጥምስ? ጠጠር ምላስ ሥር መያዝ። ሰውየው ጠረጴዛውን መታ፤ "እኛም! እኛም ጠጠር!" አለ። ሌሊትስ ብርዱ? ባዩሽ ጉድጓድ ቆፍረው ሦስት ሦስት ሆነው እንዴት እንደሚተኙ በሁለት እጇ አሳየችው። "እኛ" እያለች ነው የምታወራው፤ እኔ "እነሱ" እያልኩ እተረጉማለሁ። አንዷ ጓደኛዋ ሙቀት መትቷት እስከ ጣቢያው በየተራ እንዴት እንደተሸከሟት ተናገረች። ይህን እንኳን እኛ ሰምተነው አናውቅም። እንዴት እንሰማለን? ዱቄት ላይ ስንስቅ መች ጠይቀናት እናውቃለን? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጠየቅ የምትጠብቀው ጥያቄ መጥቶላት፣ እኔ ከአፏ እየቀማሁ ለሌላ ሰው አሳልፌ እሰጣለሁ።

ሚስተር ታፓ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። "ሰኞ ትጀምር" አለ። "የወታደር ልጅ ወታደር ናት።" ከዚያ ፎቶውን ሊመልስላት አነሣና፣ "እናትሽ አሁን የት ናቸው?" አላት።

ሀገር ቤት ናቸው ልል አፌን ስከፍት ባዩሽ ቀደመችኝ።

"ማማ ኸላስ፣ ሰር" አለች።

ሚስተር ታፓ ገባው። ፎቶውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። ከወንበሩ ተነሣ፣ ኮሌታውን ቆለፈ፣ ተረከዙን አጋጨና ለፎቶው ሰላምታ ሰጠ። እኛም ተነሣን። የባዩሽ ቀኝ እጅ ብድግ አለ፤ ግንባሯ ጋ ሲደርስ ሻሿን አስተካከለችበት።