በአምስት ሰዓት በረራ ያልደረስኩበት ቀብር

ዛሬ ታላቅ ወንድሜን ጎንደር ሲቀብሩት እኔ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ፣ ወጥ ቤቴ ቆሜ በስልክ አየሁ።

ጠዋት መርዶውን እንደሰማሁ መሀል ከተማ ትኬት ቢሮ ሮጥኩ።

"ለሆፌሽ ነው?" አለችኝ ትኬት ቆራጯ ልጅ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለዕረፍት!

"ወንድሜ ሞቶብኝ ነው።"

"እግዜር ያጥናሽ እናቴ። እስከ አዲስ አበባ አራት ሰዓት፣ ከዚያ ጎንደር አንድ ሰዓት በረራ ነው። ግን የዛሬው ሞልቷል፤ ያለው የነገ ነው።"

ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ጎንደር ያለችው እህቴ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ። አፈር ሲመልሱበት መስመሩ ተቋረጠ። ብቻዬን ጮኼ አለቀስኩ።

ሩሲያዊቷ ጎረቤቴ ሰምታ መጣች። በቋንቋ አንግባባም፤ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

እናንተስ በስልክ የቀበራችሁት ሰው አለ? ያን ቀን አጠገባችሁ ማን ነበር?