ፍዮሪ ያልጠራችው ቋንቋ

ስድስት ኪሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በላይ ያለው የኮዲንግ ማሠልጠኛ የመጀመሪያውን ቀን በጨዋታ ነበር የጀመረው። አሠልጣኙ ዘርዓብሩክ ተማሪዎቹን ተራ በተራ እያስነሳ የሚያውቁትን ቋንቋ ሁሉ አስጠራ፤ የሰውንም የኮምፒውተርንም። አንዱ አማርኛ፣ ጉራጊኛና ጃቫ አለ። ጽዮን የምትባል የፒያሳ ልጅ፣ "አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ትንሽ ፓይተን፣ ብዙ አራድኛ" ብላ ክፍሉን አሳቀችው። ተራው ፍዮሪ ጋ ሲደርስ፣ አማርኛና ትንሽ እንግሊዝኛ እንደምትችል፣ የኮምፒውተሩን ግን ምንም እንደማታውቅ ተናግራ ተቀመጠች።

አፏን የፈታችው በትግርኛ ነበር።

አባቷ አስገዶም ፒያሳ ሰዓት ይጠግናል። በጦርነቱ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ከእህቱ ጋር በስልክ በትግርኛ ሲያወራ የሰሙ ሰዎች አስወርደው ወሰዱት። ከወር በላይ ቆይቶ ሲመለስ ኮቱ ሰፍቶት ነበር። የት እንደቆየ አልተናገረም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከበር ውጭ አማርኛ። ፍዮሪ ያኔ ገና ተማሪ ነበረች፤ ትእዛዙ አጥንቷ ድረስ ገባ። ጦርነቱ አለቀ ከተባለም በኋላ አልወጣላትም።

የሚማሩትን የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ፓይተንን፣ ወደደችው። ማሽኑ ቅላጼዋን አይሰማም፤ የአገርሽ ሰዎች እንዴት ናቸው ብሎ አይጠይቅም። ስትሳሳት የተሳሳተችበትን መስመር ይነግራታል እንጂ አይገላምጣትም። ብዙም ሳትቆይ ጽዮን ኮዷ አልሠራ ባላት ቁጥር ወደ እሷ መዞር ጀመረች። ሁለቱ ምሳም ታክሲም አብረው ሆኑ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች በትግርኛ ያወሩ ነበር። ጽዮን ፍዮሪን በክርኗ ነካ አድርጋ ከንፈሯን አጣመመች። ፍዮሪም በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

የመጨረሻ ሥራቸው ለጤና ጣቢያዎች የሚሆን ፕሮግራም ነበር፤ በሽተኛው መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ በገዛ ቋንቋው የሚነግር። ዘርዓብሩክ ከመካከላቸው ትግርኛ የሚችል እንዳለ ጠየቀ። ፍዮሪ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። ትርጉሙን ጽዮን ከኢንተርኔት ገልብጣ አስገባችው።

በምረቃው ቀን ወላጆች ተጋበዙ። አስገዶም ከፊት ረድፍ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ በአማርኛ "ከምግብ በኋላ" የሚል መጣ። ከሥሩ በትግርኛ "ቅድሚ ምግቢ" ይላል፤ ከምግብ በፊት ማለት ነው። ፍዮሪ ደነገጠች። አባቷ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። ጽዮንም አይታው ኖሮ ጠጋ አለች።

"አባባ፣ ትግርኛ ያነባሉ እንዴ? ልክ ነው?"

አስገዶም ቀና ብሎ ልጁን አየ። ፊቷን አነበበው።

"አይ ልጄ፣ እኔ አላውቀውም።"

ፍዮሪ አባቷ ሲዋሽ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ከምረቃው በኋላ በእግራቸው ወደ አፍንጮ በር ወረዱ።

"ሰው ይጎዳበታል" አለ አባቷ። "ለምን አልነገርሻቸውም?"

"አንተስ?"

አስገዶም የቀረውን መንገድ ከእሷ ቀደም ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ለዘርዓብሩክ ጽዮን ባለችበት ተናገረች፤ ትግርኛ እችላለሁ፣ ትርጉሙ 'በኋላ' የሚለውን 'በፊት' ብሎታል። ለማስተካከል ደቂቃ አልፈጀባትም። ዘርዓብሩክ አመስግኗት ወጣ። ጽዮን ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

"እኔን ምን አድርገሽ ነው የቆጠርሽኝ?"

ፍዮሪ የታክሲውን ነገር ልታነሳ አሰበች። ጽዮን እንደማታስታውሰው ገባትና ተወችው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው አልቀረም፤ ሌላው ሁሉ ግን ቀረ።

ማሠልጠኛውን የሚደግፈው ድርጅት ሁለቱንም ቀጠራቸው። ጽዮን ከኮድ ጻፊዎቹ ጋር ተመደበች። ፍዮሪ የደረሳት የትግርኛ ጽሑፍ ማረም ነበር። ለኃላፊዋ ለነሲባ ፓይተን እንደምታውቅ፣ በሥልጠናው ጊዜም የሚቀድማት እንዳልነበረ ነገረቻት። ነሲባ ክፉ ሴት አይደለችም፤ በለሰለሰ ድምፅ ነበር የመለሰችላት።

"ኮድ የሚጽፍ ሞልቷል፣ ፍዮሪዬ። ትግርኛ የሚችል ግን ካንቺ ሌላ የለንም።"

ከሌላ ክፍል ሰው ሲመጣ "ትግርኛዋ ልጅ የት ነው የምትቀመጠው?" እያለ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሰሞን በምሳ ሰዓት ለራሷ ኮድ ትጽፍ ነበር፤ እያደር ያንንም ተወችው።

አስገዶም ሰዓት ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ልጁ ፕሮግራመር እንደሆነች ያወራል። አንድ ቀን በሱቁ በኩል ስታልፍ ጠርቶ ለደንበኛው አሳያት፤ ከኮምፒውተር ጋር የምታወራው ይቺ ናት አለ፤ በአማርኛ። ፍዮሪ ሰውየውን ጨብጣ፣ አዎ ብላ፣ መንገዷን ቀጠለች።