«የጾም» የሚለው ብስኩት

ልጄ ወተት አይስማማትም ነበር። አይስማማትም ስል ሆዷን ይነፋታል ማለቴ አይደለም፤ አንዲት ጠብታ ፊቷን ታሳብጣለች፣ ጉሮሮዋን ትዘጋለች። ይቺን ልጅ ይዤ በአስተማሪነት የተመደብኩት የት ነው? አሰላ! እንግዳ በወተት በሚቀበል አገር «አትጠጣም» ማለት ቤቱን እንደ መናቅ ይቆጠራል።

ነገሩ የገባቸው ጎረቤቴ ብቻ ነበሩ፤ ጠና ያሉ የአርሲ ሙስሊም ሴት። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ እስክደርስ እሳቸው ዘንድ ትቆያለች። ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ከሱቅ የሚገዙላትን ብስኩት እንዲለዩ «የጾም» የሚለውን ቃል መልኩን አስጠናኋቸው። የጾም ከሆነ ወተት የለበትም፣ ማን ይጠራጠራል? «ወላሂ፣ የእናንተን ጾም እኔ ያዝኩላችሁ እኮ!» እያሉ ይስቁብኛል።

ሁዳዴን ሙሉ በላችው፤ ምንም አልሆነችም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ እሳቸው ያስያዟትን ብስኩት ይዛ ቤት ገባችና እያወራችኝ በላችው። ወሬዋን ሳትጨርስ ከንፈሯ አበጠ። ባጃጁ ሆስፒታል ሳይደርስ እቅፌ ውስጥ ትንፋሿ ቆመ። ልጄን፣ አንድ ልጄን!

ለቀስተኛው «ብርድ መቷት ነው» አለ። ጎረቤቴም አመኑ፤ ብርዱን እየረገሙ አለቀሱ።

እኔ ግን ከንፈሯን አይቻለሁ። ማሸጊያውን ይዤ ብስኩቱን ወደሚያመርተው ድርጅት ሄድኩ። የጥራት ኃላፊው ትሁት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። በሁዳዴ ማሽኑ የጾሙን ብቻ ይሠራል፤ ከፋሲካ በኋላ ግን ባለወተቱንና የጾሙን በየተራ ነው፣ በመካከሉ በብሩሽ ይጠረጋል አለኝ። ይጠረጋል! የቀረችውን የወተት ዱቄት ማን አያት?

«ታዲያ ለምን አልጻፋችሁበትም?»

«እህቴ፣ እኛ የጻፍነው ለጾመኛ ነው። ጾመኛ ደግሞ ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም።»

እርር ድብን አልኩ። «ጾመኛ ሳያውቅ ቢቀምስ እግዜር ይቅር ይለዋል፤ የልጄ ጉሮሮ ግን ይቅር አላላትም!» ብዬ ጮህኩበት። እሱም አመነልኝ፦ አለርጂ ላለበት ሰው ማስጠንቀቂያ መጻፍ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ የድሮው ማሸጊያ እስኪያልቅ እየጠበቁ ነበር። እኔን ደግሞ ልጄ አለቀችብኝ።

ለጎረቤቴ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? በገዛ እጅዎ ብዬ?

ክረምት ሲገባ አንድ እሽግ ይዘው መጡ። «እጄ ለምዶብኝ ገዛሁት» አሉና በጣታቸው አሳዩኝ። «እዚህ ሥር ምን ጨመሩበት?»

ከ«የጾም» በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ወተት በሚገባበት ማሽን የተመረተ» ይላል። በልቤ አነበብኩት። ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«‹በደረቅ ቦታ ይቀመጥ› ነው የሚለው» አልኳቸው።

«እኔማ ለእሷ ሁሌም ደረቅ ቦታ ነበር የማስቀምጥላት» አሉኝ።