ከአልጋ ሥር ያለው ባቡር

ባሌ ከጦር ሜዳ በእግሩ ከተመለሰ በኋላ የማልፈራው ነገር አልነበረም። የግቢው በር ሲንኳኳ እፈራለሁ። የማላውቀው ሰው ስሙን ጠርቶ ሲጠይቅ እፈራለሁ። መኪና ደጃፋችን ላይ ቀስ ካለ ሥራዬን ጥዬ በመስኮት አያለሁ። ባቡር ያስፈራኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም፤ ያውም የፕላስቲክ ባቡር።

መንግሥት ከተለወጠ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። የምንኖረው ነፋስ ስልክ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ከጎረቤት የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። እነሱ ሲያስሉ እኛ «ይማርህ» የምንል ሰዎች ነን። ባሌ በፈረሰው ሠራዊት ውስጥ የመገናኛ ሰው ነበር፤ ሬድዮ ተሸክሞ ይዞር የነበረ። ከተሐድሶ ካምፕ ከለቀቁት በኋላ መካኒሳ በኩል አንድ የፈረንጆች ቤት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ለሰው ሰላምታ ይሰጣል፣ ደሞዙን ያመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ አይናገርም። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ድምፁን ሳልሰማ ይመሻል። ወጣት ሚስት ነበርኩና ዝምታው ከምንም በላይ ያስፈራኝ ነበር።

ፈረንጆቹ አገራቸው ሲገቡ የልጆቻቸውን መጫወቻ በካርቶን አድርገው ሰጡት። ስከፍተው የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ጡቦች፣ ከጡቡ የተሠራ በእጅ የሚገፋ ባቡርና ቁርጥራጭ ሐዲድ ነው። «መርካቶ ወስደህ ሽጠው» አልኩት። እሱ ግን ባቡሩን ከፍ አድርጎ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አየውና «ሞተር ቢገባለት እኮ ይሄዳል» አለ። ከመጣ ጀምሮ እኔ ሳልጠይቀው የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው ብል አልዋሸሁም።

ዘበኝነቱን ለአዲሶቹ ተከራዮች ቀጠለ፤ ከሥራ ሲመለስ አመሻሹን ሁሉ እዚያው ላይ ሆነ። የተበላሸ ቴፕ ፈታና ትንሿን ሞተር አወጣ። ሞተሯን ከጎማው ጋር በላስቲክ አያያዛት። የባትሪ ድንጋዮቹን በፕላስተር ጠፍንጎ ከኋላ ባለው ፉርጎ ላይ ጫናቸው፤ ሽቦውን በጋለ ምስማር በየደው። ፉርጎዎቹ እንዳይለያዩ የኔን መርፌ ቁልፍ ወስዶ መንጠቆ አደረገው። ባቡሩ ሲከብድ ጊዜ መታጠፊያው ላይ እየወደቀ አስቸገረው። ሐዲዱ ደግሞ ጥቂት ነው፤ ክቡን ማስፋት ቢፈልግ ቀጥ ያለው ያልቅበታል። ስለዚህ አልጋውን ገፋ አድርጎ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ እየሣለ፣ እየደመሰሰ፣ እንደገና እየሣለ ያስብ ነበር። በየት ይግባ፣ የአልጋውን እግር በየት በኩል ይዙር፣ የት ላይ ይቁም። ሲያስብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ለብቻው ሳቀ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ታዲያ ደስታዬን ይሉኝታዬ በላው። እግዜር ልጅ አልሰጠንም ነበር፤ ሰፈርተኛውም ይህን አልረሳልንም። ትልቅ ሰው ከአልጋ ሥር ተንበርክኮ መጫወቻ ሲነዳ ቢያዩት ምን እንደሚሉ ከነዜማው አውቀዋለሁ፤ «ልጅ ቢያጣ ራሱ ልጅ ሆነ» ነው የሚሉት። ስለዚህ እሱ ሲጀምር በሩን እዘጋለሁ፣ መጋረጃውን እጎትታለሁ። ሞተሩ ግን ይጮኻል። ዝዝዝ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ዝዝዝ ይላል።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ አንድ ቀን ውሃ ስንቀዳ «እኔ የምልሽ፣ ማታ ማታ ቤታችሁ ምንድነው የሚጮኸው?» አለችኝ።

«ሬድዮ ነው» አልኳት። «ተበላሽቶ ነው፤ እሱ እየሞከረው ነው።»

ውሸቷ በአፌ ላይ የመጣችልኝ ያለ ምንም ችግር ነው። ጎረቤቴም እሺ ብላ ባልዲዋን አነሳች። የመገናኛ ወታደር የነበረ ሰው፣ በር ዘግቶ፣ መጋረጃ ጋርዶ፣ ቃል የማይናገር ሬድዮ በየቀኑ ሲያስነሳ ለሚሰማ ሰው ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አላሰብኩም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ደግሞ የፈራሁትን ራሴ ጠርቼ አመጣሁት።

ፍተሻ የመጣ ዕለት ጠዋት እሱ ሥራ ነበር። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ከቀበሌ፣ ሁለት መሣሪያ የያዙ ልጆች ከኋላው። ሌሎቹን ቤቶች ዘለው በቀጥታ ወደኛ መጡ። ሳጥኑን ከፈቱ፣ ፍራሹን ገለበጡ፣ ከዚያ አልጋውን ጎተቱት።

መሬቱ ላይ የጠመኔው መስመር እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ እዚህም እዚያም መስቀል ምልክት አለበት። መሀል ላይ ሽቦ የወጣበት ነገር ተቀምጧል። አንደኛው ልጅ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እንዳትነኩት» አለ ሰውዬው። ወደኔ ዞረ። «እህቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ባቡር ነው።»

«የምን ባቡር?»

«መጫወቻ ነው፣ ወንድሜ።»

«ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ማነው የሚጫወትበት?»

ይህችን ጥያቄ ነበር ያን ሁሉ ጊዜ ከሰፈሩ ስሸሽ የኖርኩት። አሁን መሣሪያ ይዛ መጣች። «ባለቤቴ» አልኩ።

ሰውዬው አልሳቀም። ቢስቅ ምንኛ ደስ ባለኝ። «እስኪ አስነሺው» አለኝ።

እኔ እኮ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ፉርጎው ባዶ ነው። ድንጋዮቹ ደክመው ስለነበር ፀሐይ እንዲመታቸው ጠዋት ጣሪያው ላይ አስጥቷቸው ነው የሄደው። ይህን ስናገር ልጆቹ ተያዩ። አንደኛው መሣሪያውን እንደያዘ ከኋላዬ ወጣ። ግቢው ሁሉ በየደጃፉ ቆሞ እያየኝ በርጩማ ላይ ወጣሁና ድንጋዮቹን ከቆርቆሮው ላይ ለቀምኩ። ጎረቤቴ በሯ ላይ ነበረች፤ አይኗን ሰበረች።

ተመልሼ ገባሁ። ድንጋዮቹን ከተትኩ፤ የትኛው ጫፍ በየት በኩል እንደሚሆን ማን ነግሮኝ። ይሄ እዚህ ሳይንቀሳቀስ ከቀረ ባሌ ወደ ቤት አይመለስም ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። ሽቦውን ሳነካካው ባቡሩ ዝዝዝ አለና ወደ ኋላ ሄደ። ልጆቹ ዘለሉ። ባቡሩ በቂጡ እየሮጠ መታጠፊያው ላይ ደረሰና ጎኑ ላይ ወደቀ፤ ጎማው ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አየው። «አንቺ ሬድዮ ነው ብለሽ የለም እንዴ?» አለኝ። «ባልሽ ነገ ጠዋት ይሄን ይዞ ቀበሌ ይምጣ።»

ማታ ለጎረቤቴ የዋሸሁትን ጨምሬ ስነግረው ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ባቡሩን ይፈታው ጀመር። ጡቡን ከጡብ፣ ሐዲዱን ከሐዲድ እየለየ በካርቶኑ ውስጥ ደረደረ። እኔ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ጠመኔውን ከወለሉ ላይ ፈተግሁ።

«ባቡር ነው ብትያት ምን ነበረበት?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ሰው ምን ይላል? ልጅ የሌለው...» ብዬ ጀምሬ ተውኩት። እሱም እንድጨርሰው አልጠየቀኝም።

ጠዋት ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ካርቶኑን በብብቱ ይዞ ወጣ። በሄዱበት የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሚስቶቻቸውንም አውቃለሁ። ልብስ አጠብኩ፣ የታጠበውን እንደገና አጠብኩ። ሀና ማርያም ድረስ በእግሬ እመጣለሁ ብዬ ተሳልኩ። ማንም ወደኔ አልመጣም፤ ጎረቤቴም በሯን ዘግታ ዋለች። አንዴ የሰው ኮቴ ሰምቼ ደጅ ድረስ ሮጥኩ፤ ወተት ሻጯ ናት።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን መጣ። ብቻውን ነው፤ እጁም ባዶ ነው።

«አስነዱኝ» አለ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ። «ስብሰባ የሚያደርጉበት ጠረጴዛ ላይ ሐዲዱን ዘርግቼ ነዳሁላቸው።»

«ሳቁብህ?»

«አልሳቁም። ዝም ብለው አዩ። ሁለት ጊዜ አዞርኩት። ደህና ነው፣ አንተ ሂድ አሉኝ። ዕቃው ግን እዚህ ይቆይ፣ እናጣራለን አሉ።»

«ተመስገን» አልኩ። «ተመስገን፣ ተመስገን።»

ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ቀና አለና ፊቴን አየኝ። ያየውን አውቀዋለሁ። እሱ በመመለሱ የተደሰትኩትን ያህል ባቡሩ በመቅረቱ ተደስቼ ነበር፤ ደስታው ደግሞ ፊቴ ላይ ነበር፤ መደበቂያ ጊዜ አልሰጠኝም። ገብቶ ምሳውን በላና ተኛ።

በነጋታው ጎረቤቴ ውሃው ጋ ጠበቀችኝ። እሷም ፈርታ ኖሯል፤ አይኗ ያበጠ ይመስላል። «አሁን እንግዲህ ጸጥ አለላችሁ አይደል?» አለችኝ። እኔም ባልዲዬን እየሞላሁ «አዎ፣ ደህና ነን» አልኳት።