ይተኛ ያልኳት እኔ ነኝ

ታናሽ ወንድሜ የሞተው የስንዴ አጨዳ ሲጋመስ፣ አርብ ቀን ነው። እኔ ያኔ አሰላ ውስጥ ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር።

እናታችን የወለደችው ሁለታችንን ብቻ ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ወንድሜን ያሳደግነው እሷና እኔ ነን። ኮሌጅ ገብቶ የኤሌክትሪክ ሥራ ይማር ነበር። የእናቴን አማርኛ እየተከተለ ሲያርማት በኦሮምኛ ትሰድበዋለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ከባጃጅ ወድቆ ትከሻው የተሰበረ ጊዜ የታዘዘለትን ማስታገሻ ገዝቼ ያመጣሁለት እኔ ነበርኩ። ትከሻው ዳነ። እንክብሉን ግን አልተወውም፤ ይህን ያወቅሁት ከቀበርነው በኋላ ነው።

ያን ዕለት ከጁምዓ በኋላ ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው ቤት አመጡት። "ደክሞት ነው፣ እንቅልፍ አጥቶ ነው" ብለው አስተኝተውት ሄዱ። እናቴ ደወለችልኝ። ወረፋው በዝቶብኝ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ መርፌ አዘጋጃለሁ።

"ወንድምሽ ምሳም ሳይበላ ተኛ" አለችኝ። "ደግሞ ማንኮራፋቱ! እንዲህ ሲያንኮራፋ ሰምቼው አላውቅም። ልቀስቅሰው?"

ሳቅሁ። "ተይው እማ፣ ይተኛ" አልኳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በር ላይ ተቀበለችኝ። "ቀስ በዪ። ማንኮራፋቱን ተወ፤ ገና አሁን ነው ጥሩ እንቅልፍ የወሰደው።"

ገብቼ ሳየው ከንፈሩ ጠቁሯል። እጁ ቀዝቅዟል። ጎረቤቶች መጥተው እስኪያነሱኝ ድረስ ደረቱን እየተጫንኩ ነበር። እናቴ ከኋላዬ ቆማ፣ "ምን እያደረግሽው ነው? ልጄን ምን እያደረግሽው ነው?" ትላለች።

ያንን ማንኮራፋት አውቀዋለሁ። መድኃኒት ትንፋሽን ሲያፍን የሚወጣ ድምፅ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ከሌላ ሰው ልጅ ጉሮሮ ብሰማው እሮጥ ነበር።

ከወር በኋላ ካመጡት ልጆች አንዱ ቤታችን መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ሲስተር፣ ማስታገሻውንና የእንቅልፍ ኪኒን አንድ ላይ ነበር የወሰደው። እናውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?"

"ፈራን። ፖሊስ ይመጣብናል አልን። ደግሞም ተኝቶ ይነቃል ብለን ነው። ትምህርት ቤት ሱስ ትውልድ ያጠፋል እያሉ ይነግሩናል። ሰው እያንኮራፋ እንደሚሞት ግን ማን ነገረን?"

ልመታው እጄን አንስቼ ነበር። መልሼ አወረድኩት። እኔም እኮ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለቤቴ ሰው አልነገርኩም።

በዚያው ሰሞን ይህንን ለተማሪዎች ልንገር ብዬ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ቢሆንም ፊታቸው አልፈታ አለ። "ይህ ነገር አወሳሰዱን ማስተማር እንዳይሆን፣ ሲስተር?"

"አወሳሰዱን ያውቁታል። እኔ የምነግራቸው መቼ መሮጥ እንዳለባቸው ነው" አልኳቸው። ግማሽ ክፍለ ጊዜ ፈቀዱልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ በማልገባባቸው ቀናት ዴራም በቆጂም ወዳሉ ትምህርት ቤቶች እሄዳለሁ። ያ የወንድሜ ጓደኛ አብሮኝ ይመጣል። የክፍሉ ወለል ላይ ይተኛልኝና በጎኑ አገላብጬ አሳያቸዋለሁ። ወተት በግድ አትጋቱት፣ ብቻውን ጥላችሁት አትሂዱ፣ ትልቅ ሰው ጥሩ፣ ሐኪም ቤት አድርሱት፣ የወሰደውን ሳትደብቁ ተናገሩ እላቸዋለሁ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቶ ሳለ አንዳንዴ እንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ ሊያዩት ይጠጋሉ።

መጀመሪያ ላይ ታሪኩን የሌላ ሰው አስመስዬ ነበር የምነግራቸው። አንዲት እናት ለነርስ ልጇ ደውላ፣ ነርሷም ይተኛ አለች እያልኩ። በቆጂ ላይ ግን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "ነርሷ አሁን የት ናት?"

"እፊታችሁ ቆማለች" አልኳት።

እናቴ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ አብረን ምስር ስንለቅም፣ "እማ፣ ልቀስቅሰው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር" አልኳት።

ቀና ሳትል፣ "የምን ስልክ? እኔ አልደወልኩልሽም" አለችኝ።

ስልክ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም ነበር።

ባለፈው ክረምት ያቺ የበቆጂ ተማሪ ደወለችልኝ። የአጎቷ ልጅ ተኝቶ አልነቃ ሲል ቤተሰቡ ተይው ይተኛ ቢሏትም እምቢ ብላ፣ በጎኑ አስተኝታ፣ ጎረቤት ጠርታ ሐኪም ቤት አድርሳዋለች። ተርፏል። እያለቀሰች ነበር የምታወራኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችው።

"እናት አለችው?"

"አለችው።"

"አልሃምዱሊላህ" አለች። እጇን በቀሚሷ ጠራረገች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ጎመኑን እኔ ከትፌ ጨረስኩት።